ለማሽን የበሰለ የኑግ ዘይት

ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ጥቅሙን እስካሁን አላየሁም፤ ጉዳቱን ግን ልናገር።

መካነ ሰላም ላይ ኑግ እየጨመቅሁ ዘይት እሸጣለሁ። ከዐረብ አገር የተመለሰችው ልጄ የሁዳዴ ጾም ሲገባ ከሱቅ ውሃ የመሰለ ዘይት ገዝታ መጣች። «ቫይታሚን ኢ ያለው» የሚለውን ጽሑፍ ራሴ አነበብሁት። ማንበብ ባልችል ውሃ ነው ብዬ በደፋሁት ነበር።

«አባዬ፣ ያንተስ ጥቁር ዘይት ይኼ አለው?»

«በእጄ የጨመቅሁት ምን ይጎድለዋል?»

«ወላሂ፣ ሳላረጋግጥ አልበላም!»

የዘይት ጨማቂ ልጅ የሱቅ ዘይት በላች ከተባለ ከእኔ ማን ይገዛል? ደግነቱ፣ ከደሴ የመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ በዚያው ሰሞን ለምርመራ የአካባቢውን ዘይት ይሰበስብ ነበር። ቫይታሚን ኢ ዘይት ቶሎ እንዳይከረፋ ይጠብቀዋል፤ የምርመራ ማሽኔ መኖሩን ለይቶ ያሳያል አለኝ። ባለቤቴ ከቤት ዘይት ቀድታ እንድትሰጠው ነግሬ ወደ ሥራዬ ሄድሁ።

ጾሙ ሳይጋመስ ደወለ። «አባት፣ ቫይታሚኑ እምብዛም አልታየም። ደግሞ ዘይትዎ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።»

ዞሬ ባለቤቴ ላይ አፈጠጥሁ።

«ምን ታፈጥጥብኛለህ? ጢሱ እስኪወጣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል አብስዬ ነው የሰጠሁት። ጥሬ ዘይት ለሰው ይሰጣል? ሙያ የላትም ልባል?»

«ለሰው መች ሆነና? ለማሽን ነው!»

«ማሽኑ ጋ የተቀመጠው ሰው አይደለም?»

አስተማሪው ስልኩ ውስጥ ሆኖ ሲስቅ ይሰማኛል። ቫይታሚኑን እሳት ይበላዋል፣ ጥሬውን ይላኩልኝ አለ። ይህን ጊዜ ማንንም አላመንሁም። ራሴ ከመጭመቂያው ሥር በጠርሙስ ቀድቼ፣ ክዳኑን ጠርቅሜ፣ ለደሴ አውቶቡስ ሹፌር አስረከብሁ።

ውጤቱ መጣ፤ አለው! ያውም ደህና አድርጎ። ልጄ የሱቁን ትታ የእኔን ጥሬ ዘይት ሰላጣዋ ላይ ማፍሰስ ጀመረች። እዚያ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። «እማዬ ግን ስንት ዘመን ቫይታሚን ስታቃጥል ኖረች!» አለች።

በማግስቱ ባለቤቴ ሽሮ አቀረበችልኝ። ጎረስሁ፤ ውሃና ጨው ነው።

«ዘይቱስ?»

«እሳት ይበላዋል አልተባለም? ከእንግዲህ ማሽኑ ይሥራልህ።»

ልጄ ዘይቴን በእንጀራ እያጠቀሰች ትስቃለች። ጾሙ እስኪፈታ የመካነ ሰላም ዘይት ጨማቂ ደረቅ ሽሮ በላ።