ጠበል የተረጨበት ብረት

የአባቴ ወፍጮ ቤት ከደብረ ታቦር ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ ባለ መንደር ውስጥ ይገኛል። ቤቱ ዛሬም ቆሟል፤ ቆርቆሮውም አልተነቀለም። የሌለው ሞተሩ ነው። የመብራት ምሰሶ መንደራችን ከደረሰ ዓመታት አልፈዋል፤ ሽቦው ግን አልተከተለውም። ስለዚህ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጠው የናፍጣ ሞተር የአገሩን ጤፍና ገብስ ብቻውን ሲፈጭ ኖረ።

የታመመው በጭስ መውጫው በኩል ነበር። ከሞተሩ ጎን እንደ እጅ ጣቶች ተዘርግቶ ትኩሱን ጭስ ወደ አንድ ቧንቧ የሚሰበስብ ወፍራም ብረት አለ፤ መካኒኮች ማኒፎልድ ይሉታል። የሚሠራው ከጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ ከተፈሰሰ ብረት ነው። ጊዛ እሳትን ይችላል፤ ድንገተኛ ለውጥን ግን አይችልም። ቀስ ብሎ ካልሞቀ፣ ቀስ ብሎም ካልበረደ ይሰነጠቃል። የእኛው ከመሐሉ ተሰንጥቆ ጭሱን ወደ ቤቱ ውስጥ ይለቅ ጀመር። እህል ያመጡ ሴቶች አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ለጥቂት ጊዜ ታገሡ፤ ዱቄቱ ናፍጣ ናፍጣ ማለት ሲጀምር ግን አህዮቻቸውን ወደ ሌላ መንገድ መለሱ። አዲሱን ዕቃ ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ብናስጠይቅ፣ የዚህ ሞተር ዕቃ መምጣት ካቆመ ቆይቷል ተባልን። አሮጌ ብረት የሚሰበስበው ነጋዴ ወሬውን ሰምቶ መጣ።

«ገና ሳይሞት ልትገንዘው ነው?» ብለው አባቴ መለሱት።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ያላገኘሁበት፣ ቀኑን በንባብ የምገፋበት ጊዜ ነበር። ማኒፎልዱን ከአባቴ ጋር ፈትተን፣ በጆንያ ጠቅልለን በሚኒባስ ደብረ ታቦር ወሰድነው። ከገበያው ጀርባ የብየዳ ቤት ያለው፣ ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ ቀልደኛ ሰው ተቀበለን። ስንጥቁን በሽቦ ብሩሽ ሲፈትግ ነጭ ቅርፊት ተነሣለት።

«አባቴ፣ ይህን በምን ደፍነውት ነው?»

«በአመድና በእንቁላል።»

«ከነአስኳሉ?»

«ነጩን ብቻ ነው እንጂ! አስኳሉ ምን አጠፋ?»

«ሽንኩርት ቢጨምሩበት ቁርስ ይወጣው ነበር።»

አባቴ ሳቁ። ወፍጮው ከቆመ ወዲህ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

መብራት እስኪመጣ ብዙ ጠበቅን። ሲመጣ በያጁ ብረቱን በከሰል ፍም ላይ አገላብጦ አሞቀው፤ ከዚያም ጥቂት እየበየደ፣ የበየደውን በመዶሻ ቀስ እያለ እየመታ፣ እንደገና እየጠበቀ ሠራው። ሲጨርስ በትኩስ አመድ በተሞላ ግማሽ በርሜል ውስጥ ቀበረው።

«እስከ ነገ ጠዋት ማንም እንዳይነካው» አለ። «እዚያው ሆኖ በራሱ ጊዜ ይብረድ።»

አባቴ በጥሞና ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ልምጣ ብለውም ሄዱ። ሲመለሱ በእጃቸው በፕላስቲክ ጠርሙስ የተቀዳ ጠበል ነበር። የበያጁን ቃል አልናቁም፤ ረስተውትም አይደለም። ለአባቴ ጠበል ውኃ አይደለም፤ መርጨትም መንካት አይደለም። በርሜሉ ዘንድ ቀርበው አመዱን በእንጨት ገለጥ አደረጉት።

«አባባ፣ ገና ትኩስ ነው!» አልኳቸው።

«ለትኩሳት አይደል እንዴ ጠበል?»

በያጁ እጁን ለመከልከል አንሥቶ ነበር። ጠርሙሱን አየና እጁ መንገድ ላይ ቀረ፤ ያው እጅ ወደ ራሱ ሄዶ ቆቡን አወለቀ። አባቴ በስመ አብ ብለው ረጩ። እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው። ከሥሩም ደረቅ ሸምበቆ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ቀጭን ድምፅ ወጣ።

በያጁ ብረቱን በጉጠት አወጣው። ብየዳው እንደ ያዘ ነበር። ከጎኑ ግን አዲስ ስንጥቅ የቡሎኖቹን ቀዳዳዎች አቋርጦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዷል። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየነው።

«ይኸው አወጣው» አሉ አባቴ። በእኛ አገር ጠበል በሰው ውስጥ የተሸሸገውን ደዌ ገልጦ ያስለፈልፋል፤ ብረቱንም ያዩት እንደዚያ ነበር። «ውስጥ ውስጡን ተደብቆ ኖሯል። እንዲሁ ብንገጥመው ፈንድቶ ሰው ይጨርስ ነበር።»

በያጁ እኔን አየኝ፤ ቀጥሎ መሬቱን አየ። «ልክ ነዎት አባቴ፤ ውስጡ ነበር።»

«አሁንስ ይበየዳል?»

«ብረቱ ተቃጥሏል። በዚህ ስይዘው በዚያ ይሄዳል፤ በዚያ ስይዘው በዚህ ይሄዳል።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ።»

ባነበብኳቸው መጻሕፍት እውነትን መናገር ሰውን ሲያቀና አይቻለሁ። በዚያች የብየዳ ቤት ግን እውነቱ ለማን እንደሚበጅ ሊታየኝ አልቻለም። ቢነገር ሞተሩን አያስነሣም፤ አባቴ ግን ከወፍጮው ሌላ የሚያጡት ነገር ይጨመርባቸው ነበር። ወደ መንደራችን ስንመለስ ብረቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጆንያውን እንደ ሕፃን ልብስ እየሰበሰቡ ተቀመጡ።

ነጋዴው የጭነት መኪና ይዞ መጣ። ጎረቤቶች ሞተሩን በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ እያንከባለሉ አወጡት፤ የተሰነጠቀው ማኒፎልድም ከላይ ተጫነ። ገመዱን ያሰሩት አባቴ ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው እንዲያስረው አልፈቀዱም።

«ወዴት ነው የምታደርሰው?» ብለው ጠየቁት።

«ማቅለጫ ይገባል ይላሉ። እኔ የማውቀው እስከ ባሕር ዳር ነው።»

«ጊዛው ለብቻው ነው የሚቀልጥ ወይስ ከሌላው ብረት ጋር?»

«ኧረ አባቴ፣ እሱን ማን ይለየዋል!»

አባቴ ቋጠሮውን እንደገና ጎተት አድርገው ፈተሹት፤ ከዚያም ከመኪናው ወረዱ።