የጀሚል የጨው ፕሪዝም

መምህር ጀሚል ደሴ ከተማ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር፣ ከእናቱ ከራቢያ ጋር ይኖር ነበር። ፊዚክስ ያስተምራል። በትርፍ ጊዜው ደግሞ፣ ጉድ በል ያገሬ ሰው፣ ጠፈር ላይ ለሚወጣ ቴሌስኮፕ የኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትር ይነድፋል። ዓይን የማያየውን የከዋክብት ብርሃን ተቀብሎ በየዓይነቱ የሚለይ መሣሪያ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ነደፈው። የሥራ ባልደረቦቹ ስቀውበት ስቀውበት ሲሰለቻቸው ተዉት።

ይህን ብርሃን ተራ መስታወት አያሳልፈውም፤ ጨው ግን ያሳልፈዋል። ሰው ያለውን ቢወረውር ፈሪ አይባልም፤ ጀሚል ባቲ ገበያ ወርዶ ከአፋር ከመጣው ጨው መካከል ጥርት ያለውን መረጠ። በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ፣ አልኮል በነካው ጨርቅ እየወለወለ፣ በሰባት ወሩ ብርሃኑን የሚበትን ባለ ሦስት ማዕዘን ፕሪዝም አወጣለት። ጨው መሆኑን ለእናቱም አልነገራት። የከብት ጨው ሲያሽ ይውላል ተብሎ መሳቂያ መሆን አስጠልቶታል።

በ1999 ዓ.ም. አብርሃም የሚባል መሐንዲስ፣ ውጭ አገር የጠፈር ቴሌስኮፕ የሚሠራ የኮምቦልቻ ልጅ፣ አባቱ ሞቶበት መጣ። ጀሚል ለቅሶ ደረሰና እያፈረም ቢሆን ነገሩን አነሳለት። ሰውየው አልናቀውም።

«ወረቀት ላይ ማንም ይነድፋል» አለው። «ፕሪዝሙን ሐሙስ ጠዋት አምጣልኝ። እንዳልከው ከሆነ ከነንድፍህ ይዤልህ እሄዳለሁ። ከሰዓት መንገደኛ ነኝ።»

ሐሙስ ማለዳ ጀሚል ሱብሂ ሰግዶ ሲመለስ እናቱ በር ላይ ጠበቀችው።

«ጀሚሌ፣ ያ መስታወትህ አቧራ ይዞ አየሁት። እንዲህ ይዘህ ትልቅ ሰው ፊት ትቀርባለህ? ሌሊቱን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌልሃለሁ።»

ሳህኑ ውስጥ አውራ ጣት የማታህል ድቡልቡል ነገር ቀርታለች። እንዲያ አጥርቶ ባይወለውለው ኖሮ፣ ዕድሜ ልኳን ጨው የያዘች ሴት ጨውን መስታወት ባላለች። ጀሚል ሳህኑን ደጅ ወስዶ ደፋው።

«ጠራ?» አለችው ከውስጥ።

«ጠራ፣ እማ።»

ንድፉን ብቻ ይዞ ኮምቦልቻ ወረደ። አብርሃም የሆነውን እስከ መጨረሻው ሰማው።

«እኔስ አምንህ ነበር፤ እዚያ ያሉትን በምን ላሳምናቸው?» አለና ወረቀቱን መለሰለት። አባቱን ከቀበረ በኋላ ኮምቦልቻ የሚመልሰው ጉዳይ አልነበረውም፤ አልተመለሰምም።

ጀሚል ሌላ ፕሪዝም አልጀመረም። ራቢያ ግን ጎረቤቷ ከድጃ በመጣች ቁጥር፣ «ልጄ ለጠፈር ሰዎች ያሳየውን መስታወት በገዛ እጄ ያጠብኩለት እኔ ነኝ፤ ወላሂ!» ትላታለች።

ከድጃ ዞር ብላ ጀሚልን ታየዋለች።

«እውነቷን ነው» ይላል።