የሞሚና መጫኛ

በዚያ እሁድ ኩሬው ዳር የነበርነው እነዚህ ነን፤ እናቴ አስካለ የቆዳ መጫኛዋን ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ፣ እኔ የእሷን ነጠላ ጫፍ ይዤ፣ ጎረቤታችን አደ ዘሃራ እጃቸውን አጣጥፈው፣ የእህታቸው ልጅ ሞሚና በባዶ እግሯ ጭቃው ላይ ቆማ፣ የስፖርት አስተማሪው ጋሽ ታደሰ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ባለጋሪው ኦቦ ቱፋ ፈረሳቸውን ዛፍ ላይ አስረው፤ ከዚያ ደግሞ ገመድ የያዙ እናቶች፣ በገመድ የታሰሩ ልጆች፣ ሊያይ የመጣ የጎባ ሰው፣ ሊስቅ የመጣ የሮቤ ሰው። በስም ከጠራኋቸው ዛሬ በሕይወት ያለነው እኔና ኦቦ ቱፋ ነን። ሞሚናን ግን ከሞቱትም ካሉትም ጋር አልደመርኳትም፤ ምክንያቱም አላውቅም።

ይህን ሁሉ ሰው ያስታወሰኝ የልጄ የብሌን ሻሽ ነው። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት አምሽታ መጣችና ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ አለችኝ፤ እኔም እሺ ብዬ፣ እሷ እራት ስትበላ ሻሿን አንስቼ አሸተትኩት። ቤተ መጻሕፍት እንደዚያ አይሸትም። የሸተተኝ የጎባ ኩሬ ነው፤ የረጠበ ፊላ፣ ጥቁር ጭቃ፣ ከሳነቴ ተራራ ወርዶ ብርዱን ያልረሳ ውሃ። እናቴም የእኔን ፀጉር እንደዚሁ ታሸት ነበርና፣ አፍንጫዬን ከሻሹ ሳላነሳ ሌላ ሽታ አብሮ መጣብኝ፤ ቅቤ የጠጣ ቆዳ ውሃ ሲነካው የሚሰጠው ሽታ።

ልጄ ለሦስቱ እየተለማመደች እንደሆነ ያኔውኑ ገባኝ። ሦስቱ የምንለው የሮቤ ስንዴ ቢጫ መምታት ሲጀምር በየዓመቱ የሚደረገውን ውድድር ነው። ስሙ ትራያትሎን ነው፤ ለአፍ ስለሚከብድ ግን በአማርኛ ሦስቱ፣ በኦሮምኛ ሰዴን ብለን አቀለልነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ከጎባ ሮቤ ድረስ ብስክሌት፣ መጨረሻ የሮቤን መንገዶች ዞሮ ገበያው አጠገብ የሚያልቅ ሩጫ ነው። ጎባ መነሻው የእኔ ነው ስትል ሮቤ መድረሻው የእኔ ነው ትላለች፤ በዚህ ሲጨቃጨቁ ዓመቱ ያልቃል። ልጅ ያለው ሰው ብስክሌት ካለው ጎረቤቱ ጋር የሚታረቀውም በዚያ ሰሞን ነው፤ እናቴ ታዲያ የዚያን ሰሞን ሰላምታ ሁሉ በጥርጣሬ ነበር የምትቀበለው፤ እኛ ብስክሌት ባይኖረንም።

እናቴ በጠቅላላው የምታምነው ነገር ጥቂት ነበር። ወተት ሲመጣላት ሰንበሌጥ ነክራ ጠብታው እንዴት እንደሚወርድ አይታ ነው የምትቀዳው። በሩን ቆልፋ ከወጣች በኋላ ከመንገድ ተመልሳ ቁልፉን ትነቀንቀዋለች። ሰው ሲያመሰግናት ምን ፈልጎ ነው ትለኛለች። ውሃን ደግሞ ከሁሉ አብልጣ ትጠረጥር ነበር፤ የሰው ልጅ ቤት እግዜር ደረቅ መሬት ላይ አድርጎታል፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚንቦጫረቅ የሌላ ፍጥረት ቤት እየደፈረ ነው ባይ ነበረች።

የገመዱን ደንብ ያመጡት እንደ እሷ ያሉ እናቶች ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ የጎባ ወጣት ውሃው መሀል ብርዱ እግሩን ቆልፎት ሲጮህ፣ ገብቶ የሚያወጣው ዋናተኛ ስለጠፋ፣ ኦቦ ቱፋ የጋሪያቸውን መጫኛ ወርውረው እንደ ጥጃ ጎትተው አወጡት። ከዚያ ወዲህ ወገቡን ያልታሰረና ዳር ላይ ያዥ የሌለው ልጅ ውሃ አይገባም ተባለ። ያዡም የሥጋ ዘመዱ፣ ካልሆነም ስለ ነፍሱ እኔ እጠየቃለሁ ያለ ሰው መሆን አለበት። ገመዱ ከተሳበ ልጁ ከውድድሩ ወጣ ማለት ነው። ኩሬው እንደ ቦይ ጠባብና ረጅም ስለነበር ልጆቹ በውሃው፣ እናቶቹ በዳሩ፣ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ገመድ ከገመድ ይጠላለፋል፣ አንዷ የሌላዋን ልጅ ጎትታ ታወጣለች፣ ውሃው ውስጥ ከሚሆነው ይልቅ ዳሩ ላይ የሚሆነው ይታያል። ከሮቤ የሚመጣው ሰው የሚስቀው በዚህ ነበር። እናቴ የሚወዳደር ልጅ ሳይኖራት በየዓመቱ መጫኛዋን ቅቤ ቀብታ ይዛ ትሄዳለች፤ የሰዎቹ ገመድ ይበጠሳል ብላ ስለምትሰጋ።

ሞሚና ከጊኒር ወዲያ፣ ወደ ሼክ ሁሴን በሚወስደው መንገድ፣ የዋቤ ወንዝ ከሚያልፍበት ቆላ ነበር የመጣችው። አክስቷ አደ ዘሃራ ጨውና በርበሬ ቸርችረው የሚያድሩ ሴት ነበሩና፣ የዘንድሮ ፈተና ሲያልቅ ወደ እናትሽ ትመለሻለሽ፣ ከዚህ በላይ አልችልም ብለዋት ነበር። ጋሽ ታደሰ ደግሞ በሦስቱ ከሴቶች አንደኛ የወጣችውን የዞኑ ቡድን ሮቤ ላይ አሳድሮ እንደሚያስተምራት ተናገሩ። ስለዚህ ሦስቱ ለሌሎቹ ጨዋታ ሲሆን ለሞሚና ትምህርት ቤቷ ነበር።

ዋና እንደምትችል ስትናገር ሰፈሩ ተገረመ። የደጋ ሰው ውሃን የሚያውቀው በእንስራ ነው። እናቴ አጥር ላይ ተደግፋ መረመረቻት።

«ዋቤ ውስጥ አዞ የለም እንዴ?»

«አለ፣ አዮ አስካለ።» አዮ በእነሱ እናት ማለት ነው፤ ሞሚና እናቴን ሌላ ስም ጠርታት አታውቅም።

«እና አልበላሽም?»

«እሱ ያለበትን እናውቃለን። እዚያ አንዋኝም።»

እናቴ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ፍርዷን ለእኔ ነገረችኝ። «አዞ ካለበት ውሃ ደህና የወጣች ልጅ፣ ወይ አዞው ዘመዷ ነው፣ ወይ ወሬዋ ውሸት ነው» አለች።

ያ እሁድ ደረሰ። ሞሚና ሰፊ ሱሪ ለብሳ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ የተዋሰችውን ብስክሌት ከሌሎቹ አጠገብ አስደግፋ ተሰለፈች። ጋሽ ታደሰ «ያዥሽ የታለ?» ሲሏት ወደ አክስቷ ዞረች። አደ ዘሃራ ግን እጃቸውን አልፈቱም። «እኔ አልይዝም። አንድ ነገር ብትሆን እናቷን ምን ብዬ አያታለሁ? ግቢ ያልኳት እኔ አይደለሁም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ገመድ መያዝ ቀላል ነገር አልነበረም። ጋሽ ታደሰም ያለ ያዥ አይሆንም አሉ። ሌሎቹ ልጆች መታሰር ጀመሩ፤ ሞሚና ግን ከሰልፉ አልወጣችም።

ያኔ እናቴ መጫኛዋን ከትከሻዋ አወረደች። «ነይ፣ ዙሪ» አለቻትና ወገቧ ላይ ቋጠረችው፤ ቋጠሮውን ሳበች፣ አላመነችውም፣ ፈትታ እንደገና ቋጠረችው። ሕዝቡ አንጀቷ ራርቶ መሰለው። እኔ ግን አጠገቧ ነበርኩ፤ ጎንበስ ብላ «አሁን ውሸቷን እናያለን» ነበር ያለችኝ።

ፊሽካው ተነፋ። ሌሎቹ እየጮሁ እየተንፈራገጡ ሲሄዱ ሞሚና ድምፅ ሳታሰማ ከመሀላቸው ወጣች። እጇ ውሃውን አይመታም፤ እንደ ሰነፍ ሰው ቀስ ብሎ ይዘረጋና ይመለሳል፣ እሷ ግን ትርቃለች። እናቴ መራመድ ጀመረች፣ ከዚያ ፈጠነች፣ ከዚያ ነጠላዋን ጥላልኝ ሮጠች። ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። የሌላዋ ልጅ ገመድ መንገዷን ሲዘጋባት እናትየዋን በክርኗ ገፍታ «ዞር በይ፣ የኔዋ እየመጣች ነው!» አለች። የኔዋ ስትል እኔም ሰማሁ፣ አደ ዘሃራም ሰሙ።

የኩሬው ጫፍ ሲቀርብ ሞሚና ጠፋች። ውሃው በላይዋ ተዘጋ፤ ሻሿም እጇም አይታይም፣ ላዩ ሰሃን መሰለ። እናቴ አንዴ «ማርያም» አለች፤ እግሯን ድንጋይ ላይ ተክላ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ሳበች።

ሞሚና ከተጠበቀችበት ቦታ እጅግ ቀድማ፣ ጫፉ አጠገብ ነው ብቅ ያለችው፤ አፏን ከፍታ፣ ወደ ኋላ እየተጎተተች። ሰምጣ አልነበረም። ስር ስሩን እየሄደች ነበር፤ እዚያ አገር እንደዚያ ነው የሚዋኙት። እኛ ደግሞ ሰው ውሃ ስር ገብቶ በፈቃዱ እንደሚሄድ ከየት እናውቃለን? ጋሽ ታደሰ ፊሽካቸውን ነፍተው እጃቸውን አወዛወዙ። ገመዱ ተስቧል።

ጭቃው ላይ ወጥታ ቁጭ አለች። እናቴ ቋጠሮውን ለመፍታት ስትታገል ቋጠሮው እምቢ አላት፤ እርጥብ ቆዳ ይጠብቃል። «ጠፋሽብኝ» ትላለች ደጋግማ፣ «ጠፋሽብኝ እኮ፣ ምን ላድርግ»። ሞሚና ራሷ ፈታችውና ተነስታ ወደ ብስክሌቷ ሄደች።

«ተሰርዘሻል፣ ልጄ» አሏት ጋሽ ታደሰ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። መንገዱ ግን አልተሰረዘም» አለችና ወጣችበት።

እናቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ሳትከራከር ጋሪ ተሳፈረች። ኦቦ ቱፋ ፈረሱን ሲያስጋልቡ እኔ ጎኗ ተለጥፌ፣ እሷ የሰው ጋቢ ለምና እቅፏ ውስጥ አሙቃ፣ በስንዴው መሀል በሚያልፈው መንገድ እርጥብ ሻሽ እያሳደድን ሮቤ ገባን። ከሴቶቹ ማን ቀድሞ እንደ ደረሰ ገበያው ዳር የቆመው ሰው ሁሉ አይቷል፤ የተጠራው ስም ግን የሌላ ነው። ስንመለስ ሞሚና በጋቢው ተጠቅልላ መሀላችን ተቀምጣ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ታስረዳን ነበር። «አዮ አስካለ፣ ስር ስር ሲኬድ ውሃው ዝም ይላል። የሚገፋው ላዩ ነው።»

እናቴ ጋቢውን አንገቷ ድረስ ሳበችላት። «እኔ ግን የሚታየኝ ላዩ ብቻ ነው» አለቻት።

በማግስቱ ጋሽ ታደሰ ዘንድ ሄዳ፣ ልጅቷ አልሰመጠችም፣ ስህተቱ የእጄ ነው ብላ ተከራከረች። እሳቸውም ደንቡን ያወጣችሁት እናንተው እናቶች ናችሁ አሏት። ፈተናው አለቀና ሞሚናን ሮቤ መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። እናቴ የአውቶቡሱን ጎማ በእግሯ መታ መታ አድርጋ ካየች በኋላ ነው ያሳፈረቻት። ሞሚና በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ለከርሞ ከመጣሁ እርስዎ ይይዙልኛል?» አለቻት።

«እይዛለሁ። ስር ከገባሽ ግን እስባለሁ።»

አውቶቡሱ ሲሄድ የሞሚና ሳቅ ይሰማን ነበር።

ለከርሞ አልመጣችም። አደ ዘሃራ ወደ ጊኒር ሄደው እዚያው አረፉ። አንዱ ደሎ መና አግብታ አየኋት ይላል፣ ሌላው ዓረብ አገር ሄደች ይላል፤ እናቴ አንዱንም አላመነችም። ሦስቱ ሲደርስ መጫኛዋን ቅቤ ቀብታ ኩሬው ዳር ትቆማለች፤ ፊሽካው እስኪነፋ መንገድ መንገዱን ታያለች፤ ከዚያ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ዐይኗ ደክሞ መንገዱን ማየት ሲያቅታት እኔ አይላት ነበር። አምና ክረምቱ ሳይገባ ሞተች፤ መጫኛው ለእኔ ቀረ።

አሁን ሦስቱ ትልቅ ሆኗል። ድምፅ ማጉያው ከሩቅ ይሰማል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ከማናውቀው አገር ሰው ይመጣል፣ ሆቴሎቹ ይሞላሉ። ገመድ ቀርቶ ልጆቹ በአየር የተነፋ ብርቱካንማ ጃኬት ይለብሳሉ። ጃኬቱን መመዝገቢያው ላይ አንስቼ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ውስጡ አየር ብቻ ነው። እኔ ለብሌን ልያዝላት ብዬ መጫኛውን ይዤ ስሄድ አንዱ አዘጋጅ በትህትና ሳቀብኝ። «እትዬ፣ ገመድ የድሮ ነው። እናቶች ከሪባኑ ወዲያ ነው የሚቆሙት» አለኝ። በገመዱ ዘመን ልጅ ይበልጥ ይተርፍ ነበር ማለቴ አይደለም፤ አንድም ልጅ በጃኬቱ አልሞተም፣ እኔም አውቃለሁ። ግን እናቴ ላዩን ብቻ እያየች እንኳ የልጅቷን ክብደት መዳፏ ላይ ይዛ ነበር። እኔ ከሪባኑ ወዲያ ስቆም መዳፌ ላይ ምን ይኖራል?

ብሌንን ሻሿን ይዤ ስጠይቃት አልካደችም። ዋናውን ከስልክ እያየች እንደተማረች ነገረችኝ። ከስልክ! እኔም አልከለክልሽም፣ ግን ውሃ የሚያውቅ ሰው አይቶሽ ትችላለች ካላለኝ አትገቢም አልኳት። ማን ይበልሽ ስትለኝ የመጣልኝ ስም አንድ ነው። በዋና ነገር የማምነው ሌላ ሰው የለኝም፤ እሷንም ያመንኳት እናቴ ስላመነቻት ነው።

ስንዴው ዘንድሮም ቢጫ መምታት ጀምሯል። ከጊኒር ወዲያ፣ በሼክ ሁሴን መንገድ ያላችሁ፣ ወይም በሌላ አገር የምታውቋት ካላችሁ፣ የአደ ዘሃራ የእህት ልጅ ሞሚና ናት፤ ግንባሯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት፣ ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ ትጥላለች። ጎባ መጥቶ የአስካለን ልጅ ላለ ሰው ቤቴን የማያሳየው የለም። በሕይወት እንዳለችና የት እንዳለች ንገሩኝ።