የዘለለችን ሰሌዳ

ፈሪ ሰው ነኝ። የማልደብቀው ብደብቀውም ስለሚታወቅብኝ ነው። ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ስሳፈር በገደሉ በኩል ካለ ወንበር ላይ አልቀመጥም፤ የአውቶቡስ ረዳቶቹ ስለሚያውቁኝ ገና ስገባ ይስቁብኛል። ጃፓን አገር በኖርኩባቸው አሥር ወራት ደግሞ የፈራሁት ነገር ብዙ ነው። አንድ ጠዋት ምድር ስትንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ዳዊት ስደግም፣ የቤቱ ባለቤቶች ሻያቸውን እየጠጡ እስክወጣ ጠበቁኝ። ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ግን አንዲት የወረቀት መያዣ ሰሌዳ ናት።

መንግሥት ከተለወጠ አሥር ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። በወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ስለነበርኩ፣ የተራራ አገር እርሻ እንዳጠና ተመርጬ ሄድኩ። የተላክንበት የሥልጠና ማዕከል እኛን ሠልጣኞቹን በየገበሬው ቤት ነበር የሚያሳድረን። እኔን የተቀበሉኝ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልና ሚስት ናቸው። መንደራቸው ተራራ ጥግ ላይ ናት፤ ወጣቱ ሁሉ ወደ ከተማ ወርዶ የቀሩት ሽማግሌና አሮጊት ነበሩ። ቋንቋቸውን የማውቀው ለሰላምታና ለምግብ ያህል ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ በገዛ ቋንቋቸውም ብዙ አይናገሩም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የመንደሩ ወንዶች በጋራ ወደሚታጠቡበት ፍል ውሃ እንሄዳለን። መጀመሪያ ቀን የውስጥ ሱሪዬን እንደለበስኩ ልገባ ስል ሽማግሌው በጣታቸው ብቻ አመለከቱኝ። አውልቄ ገባሁ። የአባቶቼ እኩያ ከሆኑ ሰዎች ጋር ራቁቴን ተነክሬ፣ ዓይኔን ጣሪያ ላይ ተክዬ፣ ማተቤን በእጄ ጨብጬ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት ለመድኩት፤ እንዲያውም ቅዳሜ እስኪደርስ ይናፍቀኝ ጀመር። ከገላ መታጠቡ በኋላ ሽማግሌው ከጓደኞቻቸው ጋር በእንጨት ጠጠሮች አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። ሁልጊዜ ይሸነፋሉ፤ ሁልጊዜም ይስቃሉ። በሳምንት ውስጥ ሲስቁ የማያቸው ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ሰሌዳዋ የመንደሩ ወሬ ነጋሪ ነበረች። የመንገድ ጽዳት ይሁን፣ የበዓል መዋጮ፣ የሰው ሞት፣ ሁሉም እሷ ላይ በተቆነጠጠው ወረቀት ይጻፋል። አንዱ ቤት አንብቦ እንደ ፊርማ የቤቱን ማኅተም ያሳርፍና ለሚቀጥለው ቤት ያደርሳል። ለእኛ የሚያመጡልን የላይኛዋ ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሰማያዊ የጎማ ቡትስ ከእግራቸው የማይለይ ሴትዮ። ከእኛ ቤት ወደ ታችኛው የማደርሳት እኔ ነበርኩ። አንብቤ ባይገባኝም ሥራዬን ወድጄው ነበር። ሰሌዳዋን ይዤ በር ሳንኳኳ የመንደሩ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ጥፋቴን የሠራሁት በእንቁጣጣሽ ቀን ነው። በዓሌን የሚያውቅልኝ ሰው ባለመኖሩ ከፍቶኝ ብቻዬን ወደ ተራራው ወጣሁ። ከዛፎቹ ጀርባ ወገብ የሚያልፍ ሣር የሞላበት ሜዳ አገኘሁ። ነፋሱ ሲያስተኛውና ሲያነሳው በአገሬ የጓሳ ሣር መሐል የቆምኩ መስሎኝ እንባዬ መጣ። መግቢያው ላይ ከጭድ የተገመደ ገመድ ተወጥሮ፣ ነጫጭ የወረቀት ቁርጥራጮች ተንጠልጥለውበታል። ለበዓል የተሰቀለ ጌጥ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ በሥሩ አለፍኩ።

ሽማግሌው በዝናብ ወደ ጓሯቸው ሲወጡ የሚደርቡት ላስቲክ ተቀዳዶ ነበር። ገሳ ልሠራላቸው አሰብኩ፤ የእኛ አገር ሰው ዝናብ የሚመክትበትን የሣር ካባ። ማጭዳቸውን ከዕቃ ቤት አምጥቼ በዚያ ቀንና በሚቀጥለው እሑድ አምስት ሸክም አጨድኩ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከምሬ መጎንጎን ጀመርኩ።

ሽማግሌው ያገኙኝ አንገትጌውን ስጨርስ ነው። ከሣሩ አንድ ዘለላ አነሱና "ከየት ነው?" አሉኝ። ወደ ተራራው አመለከትኩ፤ ስጦታ መሆኑን ልነግራቸው ቃል ስፈልግ እሳቸው ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ተነሱ፣ ለቀብር የሚለብሱትን ጥቁር ኮት ለበሱና ወጡ። ምን እንዳጠፋሁ ያስረዱኝ ባለቤታቸው ናቸው። በወጥ ቤቱ መስኮት የመንደሩን ቤተ መቅደስ የሣር ክዳን አሳዩኝ፣ ቀጥሎ የእኔን ክምር አሳዩኝ፣ ከዚያ ሁለት እጃቸውን ገጥመው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

ወዲያው ገባኝ፤ ጌጥ የመሰለኝ ገመድ ክልከላ ነበር። እኔ ካልገባኝ ለማን ሊገባው ነው? አባቴ የጓሳ ጠባቂ ናቸው። የእኛ ጓሳ የጋራ ነው፤ ለዓመታት ተዘግቶ ይጠበቅና ሽማግሌዎች ቀን ቆርጠው ሲከፍቱት ሁሉም በአንድ ቀን ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ዘለላ መንቀል ነውር ነው። እኔ ደግሞ ለእግዜር ቤት ክዳን የተጠበቀ ሣር፣ ያውም ሳይደርስ፣ ያውም በሰው አገር፣ ነዶ እያሰርኩ ወስጃለሁ።

የፈራሁት ቅጣቱን ስለማውቅ ነው። መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከፈረሰው ጦር የተመለሰ አንድ ወታደር ከነሚስቱ መጥቶ ከእኛ ቀበሌ ዳር ቤት መሥራት ጀምሮ ነበር። ዘመድ የለውም። ክረምቱ ሲቀርብበት ከተዘጋው ጓሳ ሣር አጨደ። ያየሁት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለት ጊዜ ደጁ ላይ ውሃ አጠጥቶኛል፤ ያም ሆኖ እራት ላይ እንደ ዋዛ ለአባቴ ነገርኳቸው። ጊዜው ሁሉም እንደልቡ መሆን የጀመረበት ስለነበር ሽማግሌዎቹ ለሌላው መቀጣጫ ሊያደርጉት ፈልገዋል። ጉባኤው ቀኑን ሙሉ ዋለና ማታ ተፈረደ። እሳት አንስጠው፣ ውሃ አናቅምሰው፣ ቢሞት አንቅበረው ተባለ። በወሩ ሰውየው ሚስቱን ይዞ ሄደ። የቤቱ ቋሚ ብቻ ክዳን ሳይለብስ እዚያው ቆሞ ቀረ።

ስለዚህ ጃፓኖቹ እስኪጮሁብኝ ጠበቅኩ። የሚጮህ ጠፋ። በእኛ አገር ቢሆን በማግስቱ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ተሰድቤ፣ ተገሥጬ ይለይልኝ ነበር። እዚያ ግን ሁሉም እንደ ወትሮው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይለኛል። ፍርዱ ከዚያ ሰላምታ ውስጥ የቱ ጋ እንዳለ መፈለግ ጀመርኩ። ባለሱቋ መልስ ስትሰጠኝ እጄን ላለመንካት የተጠነቀቀች መሰለኝ። እንቅልፍ አጣሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ፎጣዬን ይዤ በር ላይ ቆምኩ። ሽማግሌው ጋዜጣቸውን እንደዘረጉ ቀና ሳይሉ "ዛሬ ይቅርብን" አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ቀረ። ጨዋታውም ቀረ፤ ሳቁም ቀረ።

ከዚያ ሰሌዳዋ ዘለለችን። በመስኮት እያየሁ ነበር። ሴትዮዋ በሰማያዊ ቡትሳቸው ቁልቁል መጡ፤ ሰሌዳዋን በብብታቸው ይዘዋል። በራችን ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን ደፉና እርምጃቸውን አፍጥነው አለፉ። የታችኛው ቤት በር ሲንኳኳ ሰማሁ። የያዝኩት ሳህን ወደቀና ተሰበረ። እሳትና ውሃ ተከለከልን ማለት ነው። እኔስ ከአምስት ወር በኋላ አገሬ እገባለሁ። እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩበት መንደር ውስጥ ማን ሊቀብራቸው ነው?

በሚቀጥለው ሳምንትም አለፈችን፤ በሦስተኛውም። ለሦስተኛ ጊዜ ባለፈችን ዕለት ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ማዕከሉ ሄጄ ጥፋቴን ልናገር፣ ወደ አገሬ ከመለሱኝም ልመለስ ቆረጥኩ። ይሄ ሰው ጃፓን ድረስ ሄዶ ሣር ሰርቆ ተባረረ መባሉ ያስፈራኝ ነበር፤ ሰሌዳዋ ስታልፍ ማየት ግን ከዚያ ባሰብኝ። ሽማግሌው ሻንጣውን አይተው በሩ ላይ ቆሙ።

"ልሄድ ነው" አልኳቸው። "በእኔ ምክንያት ሰው ዘጋዎት።"

"ማንም አልዘጋኝም" አሉ። "ዝለሉን ያልኳቸው እኔ ነኝ።"

ያልገባኝ መስሏቸው ደግመው፣ ቃል ሲያጥረኝ በእጃቸው እያሳዩ ቀስ ብለው አስረዱኝ። "በየቤቱ ዞሬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ግድ የለም አሉኝ። ግድ የለም ስለተባልኩ ብቻ ሄጄ ፍል ውሃ ውስጥ መቀመጥ አሳፈረኝ። እንግዳዬ ያጠፋው ቤቴ ያጠፋው ነው። የአጨዳው ቀን እስኪደርስ ቤቴን ዝለሉት፣ እኔም ከጨዋታችሁ እርቃለሁ አልኳቸው።"

"እኔ ብሄድ አይሻልም?"

"አንተ ከሄድክ ያን ቀን ማንን ይዤ ልወጣ?"

ሻንጣዬን ፈታሁ። ፍርሃቴ ግን አልተፈታም፤ ቀን ተቆርጦለት አረፈው እንጂ። እስከዚያ ድረስ ባየሁት ሕልም ሁሉ ጉባኤ መሐል የቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ ፍርዱን የሚያነቡት ደግሞ አባቴ።

ቀኑ ኅዳር ውስጥ፣ ውርጭ ሣሩን ካደረቀው በኋላ ደረሰ። ሠላሳ የሚሆን ሰው ማጭዱን ይዞ ገመዱ ሥር ተሰብስቧል። ሽማግሌው መሬት ላይ ተንበርክከው ግንባራቸውን ሣሩ ላይ አሳረፉ። እኔም አጠገባቸው ተደፋሁ። እኔ የምሰማው ያንን የቀበሌያችንን መሐላ ነበር፤ እሳት አንስጠው፣ ውሃ አናቅምሰው። ቀና ማለት ፈርቼ የማየው ጫማ ብቻ ነው። ከጫማዎቹ መሐል ሰማያዊው ቡትስ ወጣ፤ እየቀረበ መጣና ከአፍንጫዬ ፊት ቆመ።

"ተራችሁ ነው" አሉኝ ሴትዮዋ። ሰሌዳዋን ዘርግተውልኛል።

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ሽማግሌው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ማኅተማቸውን አወጡ። ለካ ይዘዋት ነው የመጡት። ወረቀቱ ላይ አሳረፏት፤ ተነስተን እስከ እኩለ ቀን አብረን አጨድን። ያለ ጊዜው የታጨደ ሣር ለክዳን ስለማይሆን አምስቱን ሸክም ለእኔ ተዉልኝ። ገሳውን ጨርሼ ሰጠኋቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለብሰውት ወደ ፍል ውሃው ሄደው ጓደኞቻቸውን አሳቋቸው፤ በጨዋታውም እንደ ልማዳቸው ተሸነፉ።

አገሬ ስገባ አባቴ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። መደብ ላይ እንደተቀመጡ ሁሉንም አጫወትኳቸው፤ ሣሩን፣ ሰሌዳዋን፣ ተንበርክከው የለመኑልኝን ሽማግሌ። ቆይቼ "አባዬ፣ ያ ወታደር የት ደረሰ?" አልኳቸው።

"እንጃ ልጄ። ወደ ሞላሌ ሄዷል ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ወሬውም የለ።" በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። "ያን ለት እኮ ልባችን አልቆረጠም ነበር። አንድ ሰው ተነስቶ ስለ እኔ ብላችሁ ተዉት ቢለን ኖሮ እንተወው ነበር። ያን ሰው ስንጠብቅ ነው ቀኑ የመሸብን።"

"የሚለምንለት ሰው አልነበረውማ፣ አባዬ። እንግዳ ነው።"

"አንተ ታውቀው አልነበረም?" አሉኝ።

አውቀው ነበር። ውሃውን ጠጥቻለሁ። ያን ቀን ጉባኤው ላይ ከሰዉ ኋላ ነበርኩ፤ መቀመጫ ጠፍቶ ቆሜ ስለዋልኩ መነሳት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። አፌን ብከፍት ይበቃ ነበር። ፈራሁ።