ዓይኔ በላው የተባለው ስጋጃ

ዓይኗ ስጋጃውን በላው ተብዬ ከሰው ቤት ተባርሬያለሁ። ይህ በደል እንደዋዛ እንዲረሳ አልፈቅድም፤ የልጅ ልጆቼም ይወቁት።

በንጉሡ ዘመን ነው። የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፍ በከበበው ግቢ በገረድነት ተቀጥሬ ነበር። ጌትዬ የመንግሥት ሹም ስለነበሩ ቤቱን የሚያስተዳድሩት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ሚስታቸው እትዬና የጌትዬ እናት። አሮጊቷ ከተራራው ጠበል በጠርሙስ ያስመጣሉ፤ እትዬ ደግሞ በየማለዳው ከበሩ ጀምረው ሳሎኑን ይረጩታል። ሳሎኑ ቀይ የሱፍ ስጋጃ ተነጥፎበት ነበር፤ በጫማ አይረገጥም።

አንድ ጠዋት ስጠርግ በሩ አጠገብ ነጣ ያለ ነገር አየሁ። አመድ መስሎኝ ባብሰው አልለቅ አለ። በማግሥቱ ሌላ ነጥብ፣ ከዚያም ሌላ። መልኩ ተቃጥሎ የዳነ ቆዳ ይመስላል። ሱፉን ስነካው እንደ ደረቀ ቅጠል በጣቴ መካከል ይፈርሳል። ነጥቦቹ ከበሩ ተነሥተው ወደ አሮጊቷ ወንበር ያመራሉ፤ ጣት የሌለው እግር እያደር እየተጠጋ የሚመጣ ይመስል ነበር። ንፋሱ ባሕር ዛፉን ሲያፏጨው ብቻዬን ሳሎን መግባት ፈራሁ። ድመቷ እንኳ ስጋጃው ላይ መተኛቷን ተወች።

አሮጊቷ አንድ ቀን እናቴ ምን እንደምትሠራ ጠየቁኝ። ሸክላ ትሠራለች አልኩ፤ ምን እደብቃለሁ? እሳቸው ግን ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ሸክላ ሠሪን ሁሉ ቡዳ የሚል ሰው ሞልቷል፤ እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ የቤቱ ቡዳ ሆንኩ። ስገባ ምግቡ ይከደናል፣ የእትዬ ሕፃን ፊት ይሸፈናል። ጠበሉ ማታም ይረጭ ጀመር። በተረጨ ቁጥር ነጩ በዛ፤ ነጩ በበዛ ቁጥር የኔ ጥፋት ከበደ።

በመጨረሻ ስጋጃው ላይ አንበረከኩኝና እትዬ ከጠርሙሱ እየቀዱ ፊቴን ረጩኝ። ዓይኔ ነደደ። ጮኽኩ።

«ተዪው ይጩህ፤ ሊለቃት ነው» አሉ አሮጊቷ።

እንባዬን ስጠርግ ሽታው ገባኝ፤ ልብስ የምናነጣበት በረኪና ነው። ያን ጊዜ በረኪና ከሱቅ እየተለካ በየራሳችን ጠርሙስ ይቀዳል፤ የጠበሉም ጠርሙስ ያው ዓይነት ነበር። ሽታውማ ቀድሞም ለሁላችንም ይሸተን ነበር፤ ግን የሚሰነፍጥ ጠበል ኃይለኛ ነው ስለሚባል የጠረጠረ የለም። ለመጠጥ የሚሆነው በእንስራ ለብቻው ስለሚቀመጥ፣ ከጠርሙሱ የቀመሰ አልነበረም።

«እትዬ፣ ይኼ በረኪና ነው። ያሽትቱት» አልኩ።

አሮጊቷ ወደ እትዬ ዞር ብለው «ሰማሽ? ጠበሉን ይሰድበዋል» አሉ።

እትዬ ጠርሙሱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። መልሰው ከደኑትና ወደ ጓዳ ገቡ። በዚያው ዕለት ተባረርኩ። ቀሚሴ ላይ የስጋጃው ዓይነት ነጭ ነጥብ ወጥቶ ነበር። ለሰፈሩ ባሳይ ይኸው ምልክቷ አሉኝ፤ የሚቀጥረኝም ጠፋ። ከእናቴ ጋር ጭቃ ማቡካት ያዝኩ።

ዓመታት አልፈው፣ አሮጊቷም ሞተው፣ በራጉኤል ንግሥ ዕለት እትዬን ዳገቱ ላይ አገኘኋቸው። መንገዳቸው ላይ ቆምኩ። መልስ ሳይሰጡኝ እንደማላሳልፋቸው ነገርኳቸው።

«ያን ዕለት ሲያሸቱት አውቀዋል?»

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ቁልቁል ወደ ባሕር ዛፉ ተመለከቱ። ሲመልሱልኝ ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር፤ ያ ነው እስከዛሬ የሚቀፈኝ።

«ጠርሙሱን በስህተት ያቀያየርኩት እኔ ነኝ ብል አማቴ አንድ ቀን አያሳድሩኝም ነበር። አንቺ ነሽ ሲባል ግን ለማመን የተቸገረ ሰው አልነበረም።»