ያላየኋት ኳስ

ባለፈው ቅዳሜ ጉብሬ፣ የዩኒቨርሲቲው ዶርማችን ውስጥ ቁጭ ብለን ልብስ እስኪደርቅ ስንጠብቅ፣ የቡታጅራዋ ፈቲያ ስልኳን አፍንጫዬ ስር ደቀነችው። “ነይ፣ የተበላንበትን ቀን ላሳይሽ!” ከጎናችን የምታጠና ልጅ ስላለች ድምፁን አጥፍታዋለች። አንድ ረጅም ልጅ ሁለት ተጫዋች አልፎ ይዘላል፤ ኳሷ የቅርጫቱን ብረት እንኳ ሳትነካ ትገባለች፤ ሕዝቡ ያብዳል፤ ቪዲዮው ተንቀጥቅጦ ያልቃል።

“ይቺን የመሰለች ኳስ አንዲት የወልቂጤ ልጅ ሰረዘችብን። ወላሂ፣ ከገባች በኋላ ነው የነፋችው!”

“ፈቲ፣ ልጅቷ እኮ እኔ ነኝ።”

አፏን ይዛ አልጋው ላይ ወደቀች። እኔ ግን ዓይኔን ከስልኩ መንቀል አቃተኝ። ያንን ኳስ ያየሁት ገና አሁን ነበር።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ለመጫወት ቁመት አንሶኝ ነው ወደ ዳኝነት የገባሁት፤ ፊሽካ ቁመት አይጠይቅም። ወልቂጤና ቡታጅራ ለቅርጫት ኳስ ፍጻሜ ሲደርሱ፣ ልማዱ ከየከተማው አንድ አንድ ዳኛ ማውጣት ነበር። የእኛው ዳኛ ታመመና ተራው ለእኔ ደረሰ። ወሩ ኅዳር ነው። ሚኒባሳችን ብርዳማውን ተራራ ተሻግሮ ወደ ቡታጅራ ሲወርድ በርበሬ በየደጁ ተሰጥቶ የመንገዱ ዳር ቀልቷል፤ መስኮት በከፈትን ቁጥር ሁላችንም እናስነጥሳለን። “ይሄን ጨዋታ ሴት ልጅ አትችለውም” የሚለው ወሬ ግን ቀድሞኝ ደርሷል። ካበላሸሁት ሁለተኛ ፊሽካ የሚያስይዘኝ እንደሌለ አውቄያለሁ።

የቡታጅራው ዳኛ ጋሽ ሸምሱ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። “አሰላሙ አለይኩም” ብለው ጨበጡኝና ወዲያው ወደ ሥራው ገቡ። “አንዳችን ቀድመን ከቅርጫቱ ስር፣ አንዳችን ከኋላ። ኳሷን ከኋላ ያለው ይያት፤ ስር ያለው ሰዎቹን ይይ። ገባሽ፣ ልጄ?”

ገባኝ አልኩ። ኳስ ግን ዓይን ትጎትታለች! በመጀመሪያው አጋማሽ አንዱ ተጫዋች ከንፈሩ ደምቶ ከቅርጫቱ ስር ተነሳ፤ ማን በክርኑ እንደመታው ሁለታችንም አላየንም። በእረፍት ጋሽ ሸምሱ ሙዝ ልጠው ግማሹን ሰጡኝ።

“ኳሷን እኔም አየኋት፣ አንቺም አየሻት። ልጁን ማን አየው?” አሉ፣ ሳይቆጡ። “ከእንግዲህ ስር ስትሆኚ ኳስ የሚባል ነገር የለም በይ። እኔ አለሁላት።”

ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ወልቂጤ በአንድ ነጥብ ትመራለች፤ ኳሷ የቡታጅራ ናት፤ ከቅርጫቱ ስር ያለሁት እኔ ነኝ። ጩኸቱ እየቀረበ ሲመጣ አንገቴ ካልዞርኩ አለ። ጥርሴን ነክሼ ከፊቴ የሚተራመሱትን እጆች ብቻ አየሁ። የእኛ ተከላካይ ሊዘል ሲሰናዳ፣ አንዱ የቡታጅራ ልጅ በሁለት እጁ ከጀርባው ገፈተረው። ነፋሁ። ወዲያው ሜዳው ፈነዳ። ኳሷ መግባቷን የነገረኝ ጩኸቱ ነው።

ከዚያ ጩኸቱ ዞሮ በእኔ ላይ መጣ። “ሌባ!” “ሂጂ ወደ ወልቂጤሽ!” የፕላስቲክ ጠርሙስ እግሬ ስር አረፈ። እኔን የጨነቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ስነፋ ኳሷ ከወርዋሪው ልጅ እጅ ወጥታ ከነበረ ነጥቡ ይጸድቃል፤ ካልወጣች ይሰረዛል። የቱ እንደሆነ አላውቅም!

ጋሽ ሸምሱ እየሮጡ መጡ። “ምን አየሽ?”

“በሁለት እጁ ገፋው። ኳሷን ግን አላየሁም፣ ጋሼ።”

በዚያ ሁሉ ስድብ መሃል ፈገግ አሉ። “ማሻ አላህ! እኔ ደግሞ ግፊያውን አላየሁም። ፊሽካሽ ሲጮህ ግን ኳሷ ገና ወርዋሪው እጅ ላይ ነበረች።” ወደ ጠረጴዛው ዞሩና፣ በገዛ ከተማቸው ሰው ፊት፣ ነጥቡን ሰረዙ።

“ሸምሱ፣ በቃ በርበሬህን ወልቂጤ ወስደህ ሽጥ!” አላቸው አንዱ ከተመልካቹ።

“ወልቂጤም ወጥ ይሠራል!” አሉት።

ሚኒባሱ ሳይነሳ ክትፎ በቆጮ ጋበዙኝ። የክትፎ ቤቱ ባለቤት ማን እንደሆንኩ ሲጠይቃቸው፣ “ልጄ” ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ “ባልደረባዬ ናት” አሉት። ሚጥሚጣው ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ይህን ሁሉ ብነግራትም ፈቲያ አሁንም አላመነችም። ኢርፎን አመጣችና አንዱን እሷ፣ አንዱን እኔ ሰካን። ልጁ ይዘላል፤ ኳሷ ገና መዳፉ ላይ ናት፤ ፊሽካው ይጮሃል!

“ኧረ!” አለች። መልሳ ከፈተችው። “እሺ… ግፊያውስ የታለ?”

“የቀረጸውም ልጅ ኳሷን ነበር የሚከተለው።”

እኔም ቪዲዮው ውስጥ የለሁም። ጋሽ ሸምሱ ብቻ ከኋላ ዳር ቆመው፣ ዓይናቸውን ኳሷ ላይ ተክለው ይታያሉ። በዚያ ቀን ሜዳውን የሞላው ሰው ሁሉ ያቺን ኳስ አይቷታል። ያላየኋት እኔ ብቻ ነኝ። ሥራዬን እንደሠራሁ የማውቀውም በዚያ ነው።