እትዬ ዘምዘም ወንድማቸውን የፈለጉባቸው ሥዕሎች

እትዬ ዘምዘም ባለፈው ሐሙስ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ በሚገኝ ሆስፒታል ውስጥ ከዚህ ዓለም ተለይተውናል። በዚያው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው። ብዙዎቻችሁ ኢስሊ በነበራቸው የሂጃብና የሻርፕ ሱቅ ታውቋቸዋላችሁ። ያለ ስም ታትመው በሱቁ፣ በመስጊዱ ደጅና በሞያሌ አውቶቡስ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ የነበሩትን የሥዕል ታሪኮች የሠሩት እርሳቸው እንደነበሩ ግን የምታውቁ ጥቂት ናችሁ። ይህን የምጽፈው ለሁላችሁም ነው።

እኔ ሰሚራ እባላለሁ፤ ኢምባካሲ አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። መጀመሪያ ያወቅኋቸው ሻርፕ ልገዛ ገብቼ ነው። ከጨርቁ ክምር ሥር ያላለቀ ገጽና ቀለም የነካው ብዕር አየሁና «ይህን የሚስለውን ሰውዬ ያውቁታል?» አልኳቸው። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ሠሪው ወንድ ነው ብሎ ያምን ነበር።

እርሳቸው ሻርፑን እያጠፉ «አውቀዋለሁ፤ ቁመቱ እኔን ያክላል» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪያቸው ሆንኩ።

እነዚያ የመጀመሪያ ሥራዎቻቸው የሚመስላቸው አልነበረም። አንዲት ቃል የለባቸውም። አንድ ሰፊ ወረቀት ታጥፎ ይሸጣል፤ በአንድ በኩል ሲገልጡት ሰዎች ድንበር ተሻግረው ናይሮቢ ይገባሉ፤ ገልብጠው ሲከፍቱት እነዚያው ሰዎች ወደ ደቡብ ይጫናሉ፣ ከዚያም በመንገድ ላይ አንድ በአንድ እየቀነሱ ይሄዳሉ። አንድ ነጋዴ ሱቃቸው ቆሞ «ይሄ ሰውዬ መጻፍ አይችልም እንዴ?» ብሎ ሲያማ ሰምቻለሁ። እትዬ ዘምዘም ዋጋ እየነገሩት ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም። በማታቱ ሚኒባስ ስንሄድ ግን «አማርኛ ብጽፍ ሶማሌው አያነበውም፣ ስዋሂሊ ብጽፍ አዲስ የመጣው ልጅ አያነበውም። ሁሉም እንዲያየው እፈልጋለሁ» አሉኝ። ወረቀቱን የምናባዛው ማንም በማያውቀን በፓርክላንድስ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። ቅጂዎቹን በሻርፕ ጠቅልለን እንመለሳለን።

መደበቁ ለጨዋታ አልነበረም። ወጣቶችን ወደ ደቡብ አፍሪካ እንወስዳለን እያሉ በረሃ ላይ የሚጥሉ ደላሎችን ይስሉ ነበር፣ ያውም እንዲታወቁ አድርገው። አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ አንዱን ቅጂ ባንኮኒው ላይ ዘረጋ። «ይህን የሚሠራውን የምታውቂው ከሆነ፣ እጁን ይጠብቅ በይው» ብሎ ወጣ። እኔም እንዲተዉት ለመንኳቸው።

«አልችልም» አሉ። ከዚያም በሁሉም እትም ጥግ ላይ ብቻውን የሚቆመውን፣ በታሪኩ ውስጥ ምንም የማይሠራውን ወጣት በጣታቸው ነኩ። «ይሄ ወንድሜ ኑሪ ነው።»

ኑሪ ታናሻቸው ነው። ከደሴ አብረው መጥተው ኢስሊ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን በደላሎች እጅ ወደ ደቡብ ሄደ። ከመንገድ አንዴ ደውሎ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» አላቸው፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ያላቸውን ጥቂት ፎቶዎች እርሱ ይዟቸው ሄዶ ነበር። ስለዚህ ፊቱን ከልባቸው እያወጡ ይስሉ ጀመር። ዓመት ባለፈ ቁጥር ያሳድጉታል፤ ጢም አወጡለት፣ ግንባሩን ገለጡት። «ደላሎቹን የምስለው ሰው እንዲጠነቀቅ ነው» አሉኝ፤ «ወረቀቱን የማዞረው ግን ኑሪን ያየ ሰው እንዲመጣልኝ ነው።»

አንዴ በእርግጥም ሰው መጣ። ኢምባካሲ መጋዘን ውስጥ ይሄን የሚመስል ሐበሻ አለ አላቸው። አብረን ሄድን። መንገዱን ሁሉ እጄን ጨምድደው ይዘውኝ ነበር። ሰውየው ከመጋዘኑ ወጣ። ኑሪ አልነበረም። የጅማ ልጅ ነው።

እትዬ ዘምዘም «አንተንስ ማን ይፈልግሃል?» አሉት።

«ማንም። እዚህ መሆኔን የሚያውቅ የለም፤ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልደውል?»

ካርቶን ላይ አስቀመጡትና ብዕራቸውን አወጡ። ፀጉሩን ሊያስተካክል ሲል «ተወው» አሉት። «አላሳምርህም። እናትህ እንድታውቅህ ነው የምስልህ።»

በሚቀጥለው እትም ያ ሰው ከኑሪ አጠገብ ቆመ። ከሱቁ የገዛ አንድ ነጋዴ ወረቀቱን ይዞ ጅማ ገባ፤ የሰውየው እናት አይተው ልጃቸውን አወቁት፣ ከነጋዴው ቁጥር ተቀብለውም ሱቁ ድረስ ደወሉ። ሴትየዋ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ፣ ይመርቃሉ። እትዬ ዘምዘም «አሚን፣ አሚን» እያሉ ሰሟቸው። ስልኩን ሲዘጉ የሱቁን በር ገርበብ አድርገው መሬት ላይ ተቀመጡ። «ለእኔስ ማን ይደውልልኛል?» አሉ።

ወሬው ተሰማና ሰዎች «ለሠዓሊው አድርሱልን» እያሉ የጠፋ ዘመዳቸውን መልክ ሊነግሯቸው መምጣት ጀመሩ። ማንንም አልመለሱም። ጥጉ ሞላ፤ ፊቶቹ ወደ መሐል ገቡ። በመጨረሻው እትም ላይ መንገድም፣ አውቶቡስም፣ ደላላም የለም፤ ፊት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለታሪክ የሚሆን ቦታ አጣሁ ብለው አቆሙ።

የኩላሊት ሕመሙ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። ከእጥበት ሲመለሱ ደክመው ቀኑን ሙሉ ይተኙ ነበር። ያን ያህል ግን አላማረሩም። ያስጮኻቸው ሌላ ነገር ነው። ሆስፒታል ከተኙ በኋላ አንድ ጠዋት አልጋቸው ላይ የተበጫጨቀ ወረቀት በትነው አገኘኋቸው።

«ሰሚራ፣ ጠፋብኝ!»

«ምኑ?»

«ፊቱ። በየዓመቱ እያስረጀሁ፣ እያስረጀሁ... የማስታውሰው የሳልኩትን ነው። እርሱን አላስታውሰውም። ወላሂ፣ የገዛ ወንድሜን መልክ ረሳሁ።»

እንደዚያ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም።

ኑሪ ገና ልጅ ሆኖ የተሳለበትን የመጀመሪያውን እትም ፍለጋ ወጣሁ። ኢስሊን ሱቅ በሱቅ ዞርኩ። የሚያስታውሰው ብዙ ነው፣ ያስቀመጠው ግን ማንም የለም። ዕቃ ተጠቅልሎበታል፣ ዝናብ በልቶታል፣ ልጆች ቀደውታል። በስተመጨረሻ አንዲት የሞያሌ ነጋዴ አንድ ቅጂ በአውቶቡስ ላከችልኝ። ሩጬ ሆስፒታል ገባሁ። ወረቀቱን ስንዘረጋው ጥጉ ላይ ያለው የኑሪ ፊት ያረፈው እጥፋቱ ላይ ነበር፤ ቀለሙ ተፍቆ አልቋል። ትከሻው አለ፣ ጫማው አለ። እትዬ ዘምዘም ነጩን ቦታ ደጋግመው በጣታቸው ዳሰሱት። «እዚህ ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ በሕይወት ብዙም አልቆዩም።

እትዬ፣ ደግ ሰው ነበሩ ብዬ ላጽናና ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። የብዙ ቤት ለቅሶ አስቁመው የራስዎን ይዘው ሄዱ። ቀብርዎ ላይ ኢማሙ የሥጋ ዘመድ ሲጠይቁ እርስ በርስ ተያየን። ለእርስዎ ዱዓ አደረግን፤ አላህ ማረፊያዎን ሰፊና ብርሃን ያድርግልዎ። ለኑሪ ስንደርስ ግን በሰላም ይመልሰው እንበል ወይስ ይማረው እንበል? የእርስዎን መርዶስ የት ሄደን እንንገረው? እርስዎ አሁን የት እንዳለ ያውቃሉ። እኛ አናውቅም። ደህና ይሁኑ፣ እትዬ ዘምዘም።